ከእጅ ወደ አፍ እየኖሩ ባንክ መቀየር፦ ደሞዝ መሀል መንገድ ላይ እንዳይቀር

ባንክ የቀየርኩት አርብ ከሰዓት በኋላ ነው። የድሮውን ሂሳብ ዘጋሁ፣ የቀረችኝን ትንሽ ገንዘብ ተቀበልኩ፣ ቀለል ብሎኝ ወጣሁ። ደሞዝ የሚገባው ማክሰኞ ነበር። ማክሰኞ አዲሱን ሂሳብ አየሁ፤ ባዶ። ረቡዕም ባዶ። ሐሙስ ፋይናንስ ክፍል ስሄድ የወሩ የደሞዝ ዝርዝር ተዘግቶ ከሄደ አሥር ቀን እንዳለፈው ነገሩኝ። ደሞዜ የሄደው ወደ ዘጋሁት ሂሳብ ነው። ተመልሶ እጄ እስኪገባ ሦስት ሳምንት ፈጀ።

ጥሪት ላለው ሰው ሦስት ሳምንት ቢዘገይ ቢናደድ ነው። ከእጅ ወደ አፍ ለሚኖር ግን የቤት ኪራይ ነው፣ የመንገድ ነው፣ ከጎረቤት መበደር ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እኔ ነበርኩ። ባንክ መቀየር በራሱ ከባድ ሥራ አይደለም። አደጋው ያለው በሁለቱ ባንኮች መሀል ባሉት ቀናት ነው። ስለዚህ እዚህ ስለ "ምርጥ ባንክ" ብዙ አላወራም። ይበልጥ የማወራው ስለ ቀን ቆጠራ ነው።

መጀመሪያ፦ ባንኩ ምን እየወሰደባችሁ እንደሆነ እዩ

የሦስት ወር ስቴትመንት (የገባና የወጣውን ገንዘብ የሚያሳየውን ዝርዝር) አውጡ። በአፕ የሚገኝ ከሆነ ከዚያው አውርዱ። ካልሆነ ቅርንጫፍ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ግን ለማተም የሚያስከፍል ባንክ ስላለ ዋጋውን ከመታተሙ በፊት ጠይቁ። ከዚያ እስክሪብቶ ይዛችሁ ቁጭ በሉ። እናንተ ሳታዙ ባንኩ ራሱ የቆረጠውን እያንዳንዱን መስመር አክብቡ።

ምን ታገኛላችሁ? የወር አገልግሎት ክፍያ። የኤስኤምኤስ መልእክት ክፍያ። የካርድ ዓመታዊ ክፍያ። ከሌላ ባንክ ኤቲኤም ስታወጡ የተቆረጠ። ገንዘብ ስታስተላልፉ የተቆረጠ። ቀሪ ሂሳባችሁ ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ የመጣ ቅጣት። ሂሳቡ ላይ በቂ ገንዘብ ሳይኖር ክፍያ ሲጠየቅ የመጣ ቅጣት። አብዛኞቹ በምህጻረ ቃል የተጻፉ ጥቃቅን መስመሮች ናቸው፤ ዓይን ሳይገቡ ያልፋሉ። ያልገባችሁን መስመር አትለፉት፤ "ይሄ ምንድን ነው?" ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ደምሩ። ብዙ ሰው ባንክ ሲያማርጥ የመጀመሪያ ጥያቄው "ወለዱ ስንት ነው?" ነው። ሂሳቡ ላይ ብዙ ገንዘብ ለማያድርበት ሰው ይህ ዋናው ጥያቄ አይደለም። ምሳሌ ላምጣ። በዓመቱ ውስጥ በአማካይ 100 ሂሳባችሁ ላይ ቢያድር፣ 2 በመቶ የበለጠ ወለድ የሚከፍል ባንክ በዓመት 2 ይጨምርላችኋል። በወር 1 የሚቆርጥ ክፍያ ደግሞ በዓመት 12 ይወስድባችኋል። ሁለት ተሰጥቷችሁ አሥራ ሁለት ትከፍላላችሁ ማለት ነው። አንድ ዓይነት ክፍያ ለሁሉም እኩል ቢመስልም እኩል አይከብድም። ክፍያው 5 ቢሆን፣ 10,000 ላለው ሰው 0.05 በመቶ ነው። 100 ላለው ደግሞ 5 በመቶ።

አንድ ነገር ግን ራሳችሁን በሐቀኝነት ጠይቁ። ከከበባችኋቸው መስመሮች ብዙዎቹ "በቂ ገንዘብ የለም" የሚሉ ቅጣቶች ከሆኑ፣ ችግሩ የባንኩ ላይሆን ይችላል። የመብራት ክፍያ በ28 እየተቆረጠ ደሞዝ በ30 የሚገባ ከሆነ አዲሱ ባንክም ያንኑ ቅጣት ይቀጣል። ከድጡ ወደ ማጡ ነው። እዚህ ላይ መድኃኒቱ ክፍያ ለሚጠይቃችሁ ድርጅት ደውሎ "የመቁረጫ ቀኔን ደሞዝ ከገባ በኋላ አድርጉልኝ" ማለት ነው። ብዙዎቹ ያደርጉታል። አንዲት የስልክ ጥሪ ባንክ ከመቀየር ያድናል።

ከመሄዳችሁ በፊት አንዴ ጠይቁ

ይሄን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ አትዝለሉት። ብዙ ባንኮች በማስታወቂያ የማያወጡት መሠረታዊ ሂሳብ አላቸው። የወር ክፍያ የሌለው ወይም በጣም ትንሽ የሆነ፣ ዝቅተኛ ተቀማጭ የማይጠይቅ። ባንኩ እስካልጠየቃችሁት ድረስ ስለዚህ ሂሳብ አይነግራችሁም። ቅርንጫፍ ገብታችሁ እንዲህ በሉ፦

"ይቅርታ፣ ይሄን የወር ክፍያ መክፈል ከብዶኛል። ወርሃዊ ክፍያና ዝቅተኛ ተቀማጭ የሌለው ሂሳብ አላችሁ? ወደዚያ ልታዛውሩኝ ትችላላችሁ?"

ከቻሉ ጨርሳችኋል። የሂሳብ ቁጥሩ ላይቀየርም ይችላል፤ ግን ይሄንንም ጠይቁ። በዚያው አፍ ባለፉት ሦስት ወራት የተቆረጠውን ቅጣት እንዲመልሱላችሁም ጠይቁ። አንዴ ሲጠየቁ የሚመልሱ አሉ። እምቢ ቢሉ የምታጡት ነገር የለም። ማፈር አያስፈልግም፤ ገንዘቡ የእናንተ ነው።

አዲሱን ባንክ ስትመርጡ

እኔ እንደማየው፣ ገቢው ትንሽ ለሆነ ሰው የባንክ ዋጋ ታሪፍ ሰሌዳው ላይ ያለው ብቻ አይደለም። መንገዱም ዋጋ አለው። ክፍያው በነጻ ሆኖ ቅርንጫፉ ሁለት ትራንስፖርት የሚያስይዝ ከሆነ ነጻ አይደለም። በቀን ሥራ የሚተዳደር ሰው ደግሞ ወረፋ ላይ የሚያቃጥለው ግማሽ ቀን ግማሽ የቀን ገቢ ነው። ስለዚህ ከቤት ወደ ሥራ የምትሄዱበትን መንገድ በዓይነ ሕሊናችሁ ተከተሉት። በዚያ መስመር ላይ የማን ኤቲኤም አለ? ገንዘብ አውጥታችሁ ክፍያ የማይቆረጥባችሁ የትኛው ላይ ነው?

ገቢያችሁ በጥሬ ገንዘብ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይለያል። ቅርንጫፍ የሌላቸው፣ በስልክ ብቻ የሚሠሩ ባንኮች ክፍያቸው ብዙ ጊዜ አነስተኛ ነው። ነገር ግን በእጃችሁ ያለውን ጥሬ ገንዘብ የት ታስገባላችሁ? ወኪል ዘንድ ከሆነ ወኪሉ ያስከፍላል? በቀን ስንት ድረስ ይቀበላል? ስልካችሁስ አፑን ይሸከማል? አሮጌ ስልክ ላይ አፑ አንድ ቀን "ይህ ስልክ አይደገፍም" ብሎ ቢዘጋ ገንዘባችሁ ጋ መድረሻው ምንድን ነው? ኢንተርኔት በሌለበት በአጭር ቁጥር የሚሠራ አገልግሎት ካላቸው ትልቅ ነገር ነው።

እነዚህን አምስት ጥያቄዎች በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ መልሱንም ጻፉት፦

ሂሳቡን ለመክፈት ስንት ያስፈልጋል? ከከፈትኩ በኋላስ ስንት ሁሌም መቀመጥ አለበት? ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። በትንሽ ገንዘብ አስከፍቶ በኋላ ከፍ ያለ ተቀማጭ የሚጠይቅ አለ።

ቀሪው ከዚያ በታች ቢወርድ ምን ይሆናል?

ሳይኖረኝ ክፍያ ቢጠየቅ ይከለከላል ወይስ ባንኩ ከፍሎልኝ በኋላ ያስከፍለኛል? ይህ ሁለተኛው ኦቨርድራፍት የሚባለው ነው። የእኔን ምክር ከጠየቃችሁ መከልከሉ ይሻላል። መደብር ውስጥ ካርድ እምቢ ሲል ያሳፍራል፤ ሀፍረቱ ግን ወለድ የለውም።

ለስንት ጊዜ ካልተንቀሳቀሰ እንደ ተኛ ሂሳብ ይቆጠራል? ያን ጊዜስ ይቆረጣል?

ሂሳቡን ብዘጋው ክፍያ አለው?

አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ጉርሻ የሚሰጡ ባንኮች አሉ። ጉርሻው ደስ ይላል፤ ግን ከሥሩ ያለውን ጥቃቅን ጽሑፍ አንብቡ። ብዙ ጊዜ "በየወሩ ይህን ያህል ካስገባችሁ" የሚል ቅድመ ሁኔታ አለው። ገቢያችሁ ከወር ወር የሚዋዥቅ ከሆነ አንዱን ወር ስታጎድሉ ጉርሻውም ይቀራል፣ የወር ክፍያውም ይጀምራል።

የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራትንም አትርሱ። ባለቤቶቹ አባላቱ ስለሆኑ ክፍያቸው ብዙ ጊዜ ቀለል ይላል፣ ሲቸግር አነስተኛ ብድርም ሊገኝ ይችላል። ጉድለታቸው ኤቲኤምና ቅርንጫፍ ሊያንስ መቻሉ ነው። ባንክም ይሁን ማኅበር፣ ፈቃድ ያለው መሆኑንና የተቀማጭ ገንዘብ ዋስትና (ተቋሙ ቢከስር ገንዘባችሁን የሚጠብቅ መድን) እንዳለው አረጋግጡ።

ባንኩ "አንከፍትም" ቢላችሁስ? የምትኖሩበትን አገር ሕግ ጠይቁ። የአውሮፓ ኅብረት በ2014 ባወጣው መመሪያ መሠረት በአባል አገራቱ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር ሰው፣ ቋሚ አድራሻ ባይኖረውም፣ ጥገኝነት ጠያቂም ቢሆን፣ መሠረታዊ ሂሳብ የማግኘት መብት አለው። ሕንድ በዚያው በ2014 ተቀማጭ የማይጠይቅ ሂሳብ ለሁሉም ቤተሰብ ለማዳረስ ትልቅ ዘመቻ ጀምራለች። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ባንኮች ከመክፈታቸው በፊት ቼክስሲስተምስ የሚባል መዝገብ ያያሉ፤ በሌላ ባንክ ያልተከፈለ ዕዳ ወይም ችግር ካለ እስከ 5 ዓመት እዚያ ይቆያል። መዝገቡን በዓመት አንዴ በነጻ ጠይቆ ማየትና ስህተት ካለው ማሳረም ይቻላል። በዚያው አገር ባንክ ኦን የሚል ማረጋገጫ ያላቸው ሂሳቦች የኦቨርድራፍት ቅጣት የላቸውም። አምስት ባንክ በአንድ ሳምንት ከማንኳኳት ግን ተቆጠቡ። ኦቨርድራፍት ያለው ሂሳብ ስትጠይቁ የብድር ታሪካችሁ ሊታይ ይችላል፤ ተደጋጋሚ ጥያቄ ደግሞ በበጎ አይታይም።

ዕዳ ያለባችሁ ከሆነ ይሄን አንብቡ

ከድሮው ባንክ የተበደራችሁት ካለ ወይም ሂሳባችሁ ከዜሮ በታች ከሆነ፣ አንድ ነገር እወቁ። በብዙ አገር ባንክ የእሱ ዕዳ ካለባችሁ እዚያው ካለው ሂሳባችሁ ላይ መውሰድ ይችላል። ደሞዝ ገብቶ ጠዋት ስታዩት ጎድሎ የሚገኘው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ደሞዝን ዕዳ ወደሌለባችሁ ባንክ መውሰድ ራሱን የቻለ ጥቅም አለው። ቢያንስ መጀመሪያ የምትከፍሉት የቤት ኪራይ ይሁን የባንክ ዕዳ፣ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ።

ይህ ማለት ግን ዕዳውን ጥሎ መጥፋት አይደለም። ደውላችሁ በየወሩ የምትችሉትን ያህል ለመክፈል ተስማሙ፤ ስምምነቱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ብድሩ የተሰጣችሁ "ደሞዜ በዚህ ባንክ ይገባል" ብላችሁ በፈረማችሁት ውል ከሆነ ደግሞ ደሞዝ ማዛወር ውል ማፍረስ ሊሆን ይችላል። ውሉን ሳታነቡ አትንኩት።

መክፈት

እዚህ ላይ ብዙ የምለው የለም። መታወቂያ፣ የአድራሻ ማስረጃ፣ ስልክ ቁጥር። ስማችሁ በመታወቂያው ላይ እንደተጻፈው በፊደል ሳይዛነፍ መጻፉን ከመፈረማችሁ በፊት አይታችሁ አረጋግጡ። መሥሪያ ቤት ያለው ስምና ባንክ ያለው ስም በአንድ ፊደል ቢለያይ ደሞዝ ሊመለስ ይችላል። ስልኩም በእናንተ እጅ ያለ፣ በቅርቡ የማይቀየር ቁጥር ይሁን።

የሚገባና የሚወጣ፦ አንድ ገጽ ወረቀት

አሁን የድሮውን ሂሳብ የአንድ ዓመት እንቅስቃሴ እዩ። ሦስት ወር አይበቃም። በዓመት አንዴ የሚቆረጥ ነገር አለ፤ የሚመጣውም ረስታችሁት ነው።

ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉት። በግራ የሚገባ፦ ደሞዝ፣ ድጎማ፣ ጡረታ፣ ዘመድ የሚልከው። በቀኝ የሚወጣ። የሚወጣውን ደግሞ በሦስት ለዩት፤ ምክንያቱም ሦስቱ የሚዛወሩበት መንገድ የተለያየ ነው።

አንደኛው እናንተ ለባንኩ "በየወሩ ለእገሌ ይህን ያህል ላክ" ብላችሁ ያዘዛችሁት ነው። ይህን አዲሱ ባንክ ላይ ራሳችሁ እንደገና ታዛላችሁ፣ የድሮውን ትሰርዛላችሁ። ሁለተኛው ድርጅቱ ራሱ መጥቶ የሚቆርጠው ነው። ለድርጅቱ አዲሱን የሂሳብ ቁጥር መስጠት አለባችሁ። ሦስተኛው በካርድ ቁጥራችሁ የሚቆረጥ ነው፤ የስልክ አፕ፣ የቪዲዮ አገልግሎት፣ እንዲህ ያለው። ይሄኛው ተንኮለኛ ነው። የሂሳብ ቁጥር ብትቀይሩም አይከተላችሁም፤ አዲሱን ካርድ እያንዳንዱ ቦታ ገብታችሁ ማስገባት አለባችሁ። እግረ መንገዳችሁን የማትጠቀሙበትን ሰርዙ። ወረቀቱን ስጽፍ ስምንት ወር ሙሉ ሳላየው የከፈልኩበት አንድ ነገር አግኝቻለሁ። ምን እንደሆነ አልናገርም።

የሚገባውን አስቀድሙ

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ገቢ ይዛወር፣ ከዚያ ወጪ። ተገላቢጦሽ ከሆነ ገንዘብ የሌለበት ሂሳብ ላይ ክፍያ ይመጣል።

ፋይናንስ ክፍል ሄዳችሁ "ሂሳብ መቀየር ትችላላችሁ?" ብቻ አትበሉ። መልሱ "አዎ" ነው፤ እኔንም ያሉኝ ይሄንኑ ነው። ጥያቄው "የደሞዝ ዝርዝሩ የሚዘጋው በስንት ቀን ነው?" የሚለው ነው። በ15 የሚዘጋ ከሆነ በ16 የሰጣችሁት ቁጥር የሚሠራው በሚቀጥለው ወር ነው። ቁጥሩን በቃል አትንገሩ። አዲሱ ባንክ የሂሳብ ቁጥራችሁንና ስማችሁን አትሞ ይስጣችሁና እሱን ስጡ። ድጎማና ጡረታ የሚከፍሉ መሥሪያ ቤቶች ከዚህም የረዘመ ጊዜ ሊፈልጉ ስለሚችሉ ቀድማችሁ ሂዱ።

ደሞዝ ከመምጣቱ በፊት ሙከራ አድርጉ። ከድሮው ወደ አዲሱ ጥቂት ላኩ። ደረሰ? ከኤቲኤም አውጡ። ካርዱ ሠራ? ፒኑ ትክክል ነው? ይህን ደሞዝ ቀን ማታ ከማወቅ በሰላም ቀን ማወቅ ይሻላል።

የመጀመሪያው ደሞዝ አዲሱ ሂሳብ ላይ ሲገባ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ናችሁ። አሁን ወጪዎቹን አንድ በአንድ አዛውሩ። ቤት ኪራይና መብራት ቅድሚያ ይኑራቸው። አንድ ክፍያ ተዛውሮ አንዴ በትክክል ሲቆረጥ በወረቀታችሁ ላይ ምልክት አድርጉበት፤ ድርጅቱ "ተቀይሯል" ስላላችሁ ብቻ አታድርጉ። የድሮው ሂሳብ ላይ ገና ያልተዛወሩትን የሚችል ትንሽ ገንዘብ ይቀመጥ። ሁለት ሂሳብ መያዝ በሁለት ቢላ መብላት አይደለም፤ መሻገሪያ ነው። ሁለት የደሞዝ ቀን እስኪያልፍ ቆዩ። የድሮው ባንክ በየወሩ የሚያስከፍል ከሆነ የአንድ ተጨማሪ ወር ክፍያ ትከፍላላችሁ። ያቺን ክፍያ ሳልከፍል ቀርቼ ነው ሦስት ሳምንት የተበደርኩት።

አንዳንድ አገር ይህን ሁሉ ባንኮቹ ይሠሩላችኋል። ብሪታንያ ውስጥ በ2013 የተጀመረ የሂሳብ ማዛወሪያ አገልግሎት አለ። አዲሱ ባንክ በ7 የሥራ ቀን ክፍያዎቻችሁን አዛውሮ የድሮውን ይዘጋል፤ ወደ ድሮው ቁጥር የተላከ ገንዘብም ወደ አዲሱ ይዞርላችኋል። ብራዚል ውስጥ ሠራተኛ ደሞዙ ወደሚፈልገው ባንክ በነጻ እንዲተላለፍለት ማዘዝ ይችላል። የምትኖሩበት አገር እንዲህ ያለ ነገር ካለ ተጠቀሙበት። በካርድ የሚቆረጡትን ግን ያኔም ራሳችሁ ናችሁ የምታዛውሯቸው።

በዚህ መሀል "ከባንክ ነው፣ ሂሳብዎን ለማዛወር የመጣልዎትን ኮድ ይንገሩኝ" የሚል ስልክ ቢመጣ ዝጉት። ባንክ ለማዛወር ፒንም የኤስኤምኤስ ኮድም ለማንም አይነገርም። ጉዳዩ እውነት ከመሰላችሁ ካርዳችሁ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ራሳችሁ ደውሉ።

መዝጋት

ሁለት የደሞዝ ቀን አለፈ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ሁሉ ምልክት ተደረገበት፣ የድሮው ሂሳብ ለአንድ ወር ምንም አልተቆረጠበትም። አሁን ዝጉ።

ከመዝጋታችሁ በፊት ስቴትመንቶቹን አውርዳችሁ አስቀምጡ። ከተዘጋ በኋላ አፑ አያስገባችሁም። ቤት ስትከራዩ፣ ብድር ስትጠይቁ፣ "የስድስት ወር ስቴትመንት አምጡ" የሚል ይመጣል።

ገንዘቡን አውጥቶ ዜሮ አድርጎ መተው መዝጋት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሂሳቡ ባዶውን ተቀምጦ የወር ክፍያ ይቆረጥበታል፣ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ከዓመት በኋላ የዕዳ ደብዳቤ ይመጣል። በጽሑፍ "ይዘጋልኝ" ብላችሁ አመልክቱ፤ የተዘጋበትን ቀን የሚያሳይ ማረጋገጫ ተቀበሉ። ከተዘጋ በኋላም ቢሆን አሜሪካ ውስጥ አንድ ድርጅት ገንዘብ ለመቁረጥ ሲመጣ ባንክ የተዘጋውን ሂሳብ ራሱ ከፍቶ ቅጣት ያስከፈለበት ጊዜ ነበር፤ የአገሪቱ የሸማቾች የፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ በ2023 ይህ አሠራር ሕግ ሊጥስ እንደሚችል አስታውቋል። እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥማችሁ የምትከራከሩት በዚያች ቀን ባለባት ወረቀት ነው። የድሮውን ካርድ በመቀስ ስትቆርጡ ቺፑን ለሁለት ክፈሉት።

የመጨረሻው ሥራ ባንክ ውስጥ የለም። የድሮው የሂሳብ ቁጥራችሁ በዘመድ አዝማድ ስልክ ውስጥ ተቀምጧል። አንዱ ለአመት በዓል፣ አንዱ ለሐዘን፣ አንዱ የተበደረውን ሲመልስ ያንን ቁጥር አውጥቶ ይልክበታል። ለሁሉም በአንድ ቀን መልእክት ላኩ፤ "የድሮውን ሰርዙት" የሚለውን አትርሱ። እኔ ለወንድሜ አዲሱን ብቻ ልኬለት ነበር። ሁለቱንም በስሜ አስቀምጦ፣ ከላይ ወዳለው ላከ።